ማግኒታይትን ከሙሙት የመሥራት ዝርዝር መመሪያ፦ ከሚዛን እስከ ኤክስሬይ

የማግኔት ዱቄት፣ የባትሪ ካቶድ፣ የጋዝ ሴንሰር ሽፋን፣ ብርሃን የሚሰጥ ፎስፈር፦ እንዲህ ያሉ ኢኦርጋኒክ ቁሶችን ለመሥራት የቆየው መንገድ ኦክሳይዶችን አብሮ ፈጭቶ ብዙ ጊዜ ከ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ለሰዓታት መጋገር ነው። ያ ሁሉ ሙቀት የሚያስፈልገው አተሞች ከአንዱ ቅንጣት ወደ ሌላው በጠጣር ውስጥ ዘልቀው መሄድ ስላለባቸው ነው። በሙሙት፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሟሙ አዮኖች (ቻርጅ ያላቸው አተሞች) ግን ገና ከመጀመሪያው ጎን ለጎን ናቸው። ስለዚህ ብዙዎቹ በዝቅተኛ ሙቀት፣ አንዳንዶቹም በክፍል ሙቀት ክሪስታል ሆነው ይወጣሉ።

በዚህ ሥራ ላይ ያለኝ እምነት አንድ ነው፦ የዱቄቱ ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው ሁለቱ ፈሳሾች በሚገናኙባቸው ጥቂት ሰከንዶችና ከዚያ በኋላ በሚመጣው እጥበት ነው። ብዙ ጀማሪ ግን ትኩረቱን ሁሉ ለምድጃውና ለመመርመሪያ መሣሪያው ይሰጣል። ይህን ለማሳየት አንድ ቁስ መርጬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሄድበታለሁ፤ እሱም ማግኒታይት የሚባለው ጥቁር ማግኔታዊ የብረት ኦክሳይድ ነው። ማግኒታይትን የመረጥኩት ጥሬ ዕቃው ቀላል ስለሆነ፣ ስሕተቱም በዓይን ስለሚታይ ነው። ጥቁር ከሆነ ተሳክቷል፤ ቡናማ ከሆነ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

የምንከተለው አብሮ የማዝቀጥ ዘዴ ነው፤ ይኸውም የሟሙት አዮኖች አብረው ጠጣር ሆነው ከሙሙቱ እንዲወጡ ማድረግ ነው። ረኔ ማሳር እ.ኤ.አ. በ1981 በውሃ ላይ የተመሠረቱ ማግኔታዊ ፈሳሾችን ሲሠሩ የተጠቀሙበት ኬሚስትሪ ዛሬም በየላቦራቶሪው ይሠራበታል። ሁለት ፌሪክ አዮኖች (ሦስት ቻርጅ ያለው ብረት) እና አንድ ፌረስ አዮን (ሁለት ቻርጅ ያለው ብረት) ከስምንት ሃይድሮክሳይድ ጋር ሲገናኙ አንድ ማግኒታይትና አራት ውሃ ይሰጣሉ። ከዚህ ቀመር ሁለት ነገር ያዙ፦ የሁለት ለአንዱን ጥምርታና የስምንቱን ሃይድሮክሳይድ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ፌሪክ ክሎራይድ ቆዳንም ብረትንም ይበላል፤ ያልቀጠነ አሞኒያ ደግሞ ዓይንንና መተንፈሻን ያቃጥላል። መነጽርና ጓንት አድርጉ። የአሞኒያውን ጠርሙስ ፉም ሁድ (ጋዝ ስቦ የሚያስወጣ የላቦራቶሪ ሳጥን) ሥር ካልሆነ በቀር አትክፈቱ። አሲድ ስታቀጥኑ አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አትጨምሩ። የደረቀ ናኖ ዱቄት በትንሽ ነፋስ ይነሣል፤ ያለ ማስክ አትመዝኑት።

ከመሣሪያ ዘመናዊ ሚዛን፣ ፒኤች ሜትር፣ ጠንካራ ቋሚ ማግኔት፣ የናይትሮጅን ሲሊንደርና ከላይ የሚያማስል የሞተር ማማሰያ ያስፈልጋል። በየላቦራቶሪው ያለው ከሥር የሚያሽከረክር ማግኔታዊ ማማሰያ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ማግኒታይቱ እንደተፈጠረ በማማሰያው በትር ላይ እንደ ጥቁር ጸጉር ይለጠፋል። በትሩ ይቆማል፤ ከምርቱም የተወሰነው እዚያው ይቀራል።

ሚዛን

ፌሪክ ክሎራይድ ሄክሳሃይድሬት በሞል 270.30 ግራም፣ ፌረስ ክሎራይድ ቴትራሃይድሬት 198.81 ግራም ይመዝናል። 0.02 ሞል ፌሪክና 0.01 ሞል ፌረስ እንፈልጋለን፤ ይህም 5.41 ግራምና 1.99 ግራም ነው። ማግኒታይት በሞል 231.53 ግራም ስለሚመዝን፣ ሁሉም ነገር ከተሳካ የምታገኙት ቢበዛ 2.32 ግራም ነው። ይህን ቁጥር በማስታወሻችሁ ጻፉት፤ መጨረሻ ላይ ያስፈልጋችኋል።

ፌሪክ ክሎራይድ ከአየር እርጥበት ይስባል። ክዳኑን ከፍታችሁ ስታወሩ ማንኪያው ላይ ይርሳል፤ ሚዛኑም ወደ ላይ ይሸሻል። በፍጥነት መዝኑና ክዳኑን መልሱ። የፌረሱ ችግር ግን ይብሳል። ጤነኛው ጨው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። ወደ ቢጫ ወይም ቡናማ ካዘነበለ ከፊሉ ወደ ፌሪክ ተለውጧል። ከአሥር እጅ አንዱ ብቻ ቢለወጥ እንኳ ፌረሱ 0.009፣ ፌሪኩ 0.021 ሞል ይሆንና ጥምርታው ከ2 ወደ 2.33 ይዘላል። ለተበላሸ ምርት ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው አሞኒያው ነው፤ ጥፋቱ ግን ከአሮጌ የፌረስ ጠርሙስ የመጣ ሊሆን ይችላል። የጠርሙሱን ዕድሜ ካላመናችሁ የሞር ጨው የሚባለውን ፌረስ አሞኒየም ሰልፌት ሄክሳሃይድሬት ተጠቀሙ። አየርን በእጅጉ ይቋቋማል፤ 0.01 ሞሉ 3.92 ግራም ነው።

ሙሙቱን ማዘጋጀት

100 ሚሊሊትር 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አዘጋጁና 20 ደቂቃ ያህል ናይትሮጅን አሳልፉበት። ከዚያ መጀመሪያ ፌሪኩን፣ እሱ ሲሟሟ ፌረሱን ጨምሩ። አሲዱ የሚያስፈልገው በሁለት ምክንያት ነው። ፌሪክ በተራ ውሃ ውስጥ ራሱን ችሎ ከውሃው ጋር መዋሃድ (ሃይድሮላይዝ ማድረግ) እና መደፍረስ ይጀምራል፤ ፌረስ ደግሞ በአሲድ ውስጥ የሚኦክሲደው፣ ማለትም በኦክስጅን ወደ ፌሪክ የሚለወጠው፣ ቀስ ብሎ ነው። የሚወጣው ሙሙት ጥርት ያለና ብርቱካንማ ቡናማ መሆን አለበት። ከደፈረሰ አጣሩት፤ ደጋግሞ ከደፈረሰ ጨዎቹን ለውጡ።

ናይትሮጅኑን በተመለከተ አንድ ስሌት ላሳይ፤ ጥንቃቄውን የት ማዋል እንዳለባችሁ ይነግራችኋልና። በ25 ዲግሪ አየር የጠገበ ውሃ በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በ100 ሚሊሊትራችን ውስጥ 0.8 ሚሊግራም አለ ማለት ነው፤ ይህም 0.025 ሚሊሞል ነው። አንድ ኦክስጅን ሞለኪውል አራት ፌረስ ይኦክሲዳል፤ ስለዚህ ጠቅላላ ጉዳቱ 0.1 ሚሊሞል፣ ማለትም ከ10 ሚሊሞል ፌረሳችን 1% ብቻ ነው። ቀድሞ በውሃው ውስጥ የነበረው ኦክስጅን ዋናው ጠላት አይደለም። ዋናው ጠላት በማማሰሉ ወቅት ከላይ ያለማቋረጥ የሚገባው አየር ነው። ውሃውን ለሰዓት አፍልቶ ከዚያ አፉ በተከፈተ ቢከር መሥራት ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። ባለ ሦስት አፍ ፍላስክ ተጠቀሙና ናይትሮጅኑ ከፈሳሹ በላይ ያለውን ክፍተት እንደሞላ እንዲቆይ አድርጉ።

ናይትሮጅን ከሌላችሁስ? አንዳንዶች ፌረሱን ሆን ብለው በማብዛት በ1.5 ፌሪክ ለ1 ፌረስ ጥምርታ ይጀምራሉ፤ አየሩ የሚበላውን አስቀድሞ ማካካስ ነው። ይሠራል፤ ውጤቱ ግን በየቀኑ ይለያያል። አየሩ የሚበላው በማማሰያው ፍጥነትና በዕቃው አፍ ስፋት ስለሚወሰን ለመድገም አስቸጋሪ ነው።

ማዝቀጥ፦ ማንን ወደ ማን?

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

አሞኒያውን ወደ ብረቱ ሙሙት በጠብታ ብትጨምሩ ፒኤቹ ከታች ተነሥቶ ቀስ እያለ ይወጣል። ፌሪክ ገና ፒኤች 2 አካባቢ መዝቀጥ ይጀምራል። ፌረስ ግን ፒኤቹ ወደ 7 እስኪጠጋና እስኪያልፍ ድረስ በውሃው ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ መጀመሪያ ቡናማ የፌሪክ ኦክሲሃይድሮክሳይድ ትቀበላላችሁ፤ በክሎራይድ ውስጥ አካጋኒት የሚባለው ማዕድን ሊወጣ ይችላል። ፌረሱ ኋላ ሲመጣ ከዚህ ዝቃጭ ጋር ተዋህዶ ወደ ማግኒታይት ሊለውጠው ይሞክራል። ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። ነገር ግን ሁለቱን አዮኖች ጎን ለጎን ማግኘት የሙሙት ዘዴ ትልቁ ብልጫ ነበር፤ በዚህ አካሄድ ራሳችን ለያየናቸው።

ስለዚህ የኔ ምርጫ ተቃራኒው ነው፦ የብረቱን ሙሙት ወደ አሞኒያው ማስገባት። ያኔ እያንዳንዱ ጠብታ የሚገባው ፒኤቹ ለሁለቱም ከፍ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ስለሆነ ፌሪክና ፌረስ አብረው ይዘቅጣሉ። ልዩነቱን በዓይናችሁ ታያላችሁ። በመጀመሪያው አካሄድ ፍላስኩ ከብርቱካን ወደ ቡናማ፣ ከቡናማ ወደ ጥቁር ይሄዳል፤ በሁለተኛው የመጀመሪያው ጠብታ ራሱ ጠቁሮ ይወርዳል።

መጠኑን እናስላ። ለማግኒታይቱ 0.08 ሞል፣ አሲዱን ለማክሸፍ ደግሞ 0.01 ሞል ሃይድሮክሳይድ ያስፈልጋል፤ ድምሩ 0.09 ነው። 25% አሞኒያ በሊትር 13 ሞል ገደማ ስለሆነ 7 ሚሊሊትር በቀመር ይበቃ ነበር። አሞኒያ ግን ደካማ ቤዝ ነው፤ ልክ በልክ ከተሰጠ ፒኤቹን ከፍ አድርጎ አይይዝም። ስለዚህ 25 ሚሊሊትር ውሰዱና በ75 ሚሊሊትር ናይትሮጅን ባለፈበት ውሃ አቅጥኑት። የናይትሮጅኑን ቱቦ አሁን ከፈሳሹ ውስጥ አውጥታችሁ ከላዩ ላይ አድርጉ፤ ውስጡ ከተተወ አረፋው አሞኒያውን ይዞት ይሄዳል።

ማማሰያውን በብርቱ አስነሡ፤ ፈሳሹ ሳይረጭ አዙሪት እስኪሠራ ድረስ። የብረቱን ሙሙት አዙሪቱ በሚጎትትበት ቦታ ላይ፣ ከግድግዳው ርቃችሁ፣ ሳታቋርጡ በ2 ደቂቃ ውስጥ አስገቡ።

ፍጥነቱ ለምን አስፈለገ? ቪክቶር ላመርና ሮበርት ዲኔጋር እ.ኤ.አ. በ1950 ስለ ሰልፈር ቅንጣቶች ያብራሩት ሐሳብ ዛሬም የዚህ ሥራ መነሻ ነው። ሙሙቱ ከሙሌቱ እጅግ ሲያልፍ የክሪስታል ዘሮች በአንድ ጊዜ ይፈጠራሉ። እነሱ የተትረፈረፈውን ስለሚወስዱ አዲስ ዘር መፈጠሩ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ብቻ ያድጋሉ። የዘር ወቅቱ አጭር ከሆነ ሁሉም እኩል ዕድሜ ስለሚኖራቸው መጠናቸው ይቀራረባል። ጠብታው ለአንድ ሰዓት ከተጎተተ ግን አዲስ ዘር ከአሮጌው ጎን እየተወለደ ይቀጥላል፤ ትልቁም ትንሹም የተቀላቀለበት ዱቄት ይወጣል። ማማሰሉ ደካማ ሲሆን ደግሞ በአንዱ ፍላስክ ውስጥ የተለያየ ፒኤች ያላቸው ብዙ ትናንሽ ሰፈሮች ይኖራሉ፤ እያንዳንዱም የራሱን ቁስ ይሠራል።

ማስገባቱ ሲያልቅ ወደ 70 ዲግሪ አሙቁና እያማሰላችሁ ለ30 ደቂቃ አቆዩ። በዚህ ጊዜ ያልተስተካከለው ክሪስታል ይስተካከላል፤ እጅግ ትናንሾቹም እየሟሙ ትልልቆቹን ይመግባሉ። ብዙ ካቆያችሁት ቅንጣቱ ይገዝፋል። ፒኤቹን የምትለኩት ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። የአሞኒያ ፒኤች በሙቀት ስለሚወርድ በ70 ዲግሪ የምታዩት ቁጥር ያስደነግጣችሁና ሳያስፈልግ ቤዝ ያስጨምራችኋል። በክፍል ሙቀት 9.5 አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው።

እጥበት

ፍላስኩን ከማግኔቱ ላይ አስቀምጡ። ጥቁሩ ወደ ታች ይሳባል፤ ከላይ ጥርት ያለ ውሃ ይቀራል። ማግኔቱን ሳታላቅቁ ውሃውን ድፉ።

እዚህ ላይ ሰዎች ውሃ ያባክናሉ፤ ዱቄቱንም በደንብ አያጥቡም። ከደፋችሁ በኋላ 20 ሚሊሊትር ጨዋማ ፈሳሽ ከዝቃጩ ጋር ይቀራል እንበል። 600 ሚሊሊትር ውሃ በአንድ ጊዜ ብትጨምሩና ብትደፉ ጨዉ 31 እጥፍ ይቀንሳል። ያንኑ 600 ሚሊሊትር በ200፣ በ200 ከፍላችሁ ሦስት ጊዜ ብታጥቡ ግን በየጊዜው 11 እጥፍ፣ በጠቅላላው 1331 እጥፍ ይቀንሳል። ውሃው ያው ነው። በየመሀሉ ዝቃጩን በደንብ በትኑት፤ በእብጠቱ ውስጥ የተያዘ ጨው በላዩ ላይ በሚፈስ ውሃ አይወጣም።

ሦስተኛው ወይም አራተኛው እጥበት ላይ አንድ ነገር ሊያስደንቃችሁ ይችላል፦ ጥርት ብሎ የነበረው የላይኛው ውሃ ሻይ ይመስላል፤ ማግኔቱም ቶሎ አያጠራውም። ምርቱ አልተበላሸም። ጨው ሲበዛ በቅንጣቶቹ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይሸፈንና ይጣበቃሉ፤ ጨዉ ሲሄድ ቻርጁ ይገለጥና እርስ በርስ ይገፋፋሉ። የምትደፉት ሻይ የሚመስለው ውሃ ከሁሉ የተሻሉትን ትናንሽ ቅንጣቶች ይዟል። እጥበቱን እዚህ አቁሙ፤ ወይም ጥቂት ኤታኖል ጨምራችሁ እንዲሰበሰቡ አድርጉ።

ክሎራይዱ ማለቁን በብር ናይትሬት ጠብታ መፈተሽ ይቻላል፤ ነጭ ደመና ካለ ክሎራይድ አለ። ነገር ግን ናሙናውን መጀመሪያ በናይትሪክ አሲድ አሲዳማ አድርጉት። አሞኒያ የብር ክሎራይድን ስለሚያሟሟ፣ አሲዳማ ሳታደርጉት ብትፈትሹ ክሎራይድ እያለ «የለም» ይላችኋል። አሞኒያና ብር አብረው የቆዩበት ፈሳሽ ደግሞ ሲያድር የሚፈነዳ ውሁድ ሊያዘቅጥ ስለሚችል በፍጹም አታስቀምጡት።

ማድረቅ ወይስ በውሃ ማቆየት?

ሥራችሁ በፈሳሽ የሚቀጥል ከሆነ አታድርቁት። ውሃው ሲተን ቅንጣቶቹን እርስ በርስ ጎትቶ ያጣብቃቸዋል፤ በኋላ በአልትራሳውንድ እንኳ ሙሉ በሙሉ አይለያዩም። ለኤክስሬይ የሚበቃውን ቀንሳችሁ ቢቻል በቫኩም፣ ከ60 ዲግሪ ሳይበልጥ አድርቁ፤ የቀረውን በውሃ ውስጥ በናይትሮጅን ሥር ዝጉት። አየር በሞላበት ምድጃ 100 ዲግሪ ላይ አድሮ ጠዋት የሚገኘው ቡናማ ዱቄት በአብዛኛው ማግሄማይት፣ ማለትም ፌረሱ ወደ ፌሪክ የተለወጠበት ኦክሳይድ ነው። ማግኔት ይስበዋል፤ ማግኒታይት ግን አይደለም።

በውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ እንዲበተን ከፈለጋችሁ ለአንድ ግራም ማግኒታይት ግማሽ ግራም ሲትሪክ አሲድ መነሻ አድርጋችሁ፣ በናይትሮጅን ሥር በ80 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት አማስሉና እጠቡ። ሲትሬቱ የቅንጣቱን ገጽ ይይዝና ገለልተኛ ፒኤች ላይም ቻርጅ ይሰጠዋል። ባዶው ማግኒታይት ፒኤች 7 አካባቢ ቻርጁ ወደ ዜሮ ስለሚቀርብ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይዘቅጣል።

ያገኛችሁት ምንድን ነው?

መጀመሪያ መዝኑ። ምርቱን ሁሉ አድርቃችሁት ከሆነና ከ2.32 ግራም ከበለጠ ጨው ወይም ውሃ አለበት፤ ወደ እጥበቱ ተመለሱ።

በመዳብ ምንጭ ኤክስሬይ የማግኒታይት ጫፎች፣ ማለትም ክሪስታሉ ጨረሩን በብርቱ የሚመልስባቸው አንግሎች፣ በ30.1፣ 35.5፣ 43.1፣ 53.5፣ 57.0 እና 62.6 ዲግሪ ይታያሉ፤ ከሁሉ ጠንካራው 35.5 ነው። ብረት ለመዳብ ጨረር ስለሚፈካ ከሥር ያለው ጫጫታ ከፍ ይላል፤ አትደንግጡ፣ ልኬቱን አዘግዩት። 33.2 ላይ ጫፍ ካለ ሄማታይት፣ 21.2 ላይ ካለ ጎቲት የሚባሉት ሌሎች የብረት ማዕድናት ሊሆኑ ይችላሉ። ሄማታይት ነው ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ግን 22.9 ላይ እዩ። ያልታጠበ አሞኒየም ክሎራይድ በ22.9ና በ32.7 ስለሚታይ ሰፊ ጫፍ ባለው ናሙና ውስጥ ከሄማታይቱ ጋር ይምታታል።

መጠኑን ለመገመት እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ የሚሠራበት የሼረር ቀመር ይበቃል፦ 0.9ን በጨረሩ የሞገድ ርዝመት በ0.15406 ናኖሜትር ማባዛት፣ ከዚያ በጫፉ ስፋት በራዲያንና በግማሽ አንግሉ ኮሳይን ማካፈል። የ35.5 ጫፍ ስፋት 0.8 ዲግሪ ከሆነ 0.01396 ራዲያን ነው፤ የ17.75 ዲግሪ ኮሳይን 0.952 ነው፤ ውጤቱ 10.4 ናኖሜትር ይመጣል። የመሣሪያውን የራሱን ስፋት አስቀድማችሁ ቀንሱ። ይህ የክሪስታሉ መጠን እንጂ የተጣበቀው እብጠት መጠን አለመሆኑንም አትርሱ።

ኤክስሬይ ማግኒታይትንና ማግሄማይትን በቀላሉ አይለይም። ክሪስታላቸው የሚደጋገምበት ትንሹ ኩብ ጎን 8.396 እና 8.35 አንግስትሮም ገደማ ነው፤ በሰፊ ጫፍ ውስጥ ይህ ልዩነት ይጠፋል። «ንጹሕ ማግኒታይት» ብሎ ለመጻፍ ሞስባወር ስፔክትሮስኮፒ (በጋማ ጨረር የብረቱን ሁኔታ የሚለይ ዘዴ) ወይም የፌረስ ቲትሬሽን (መጠኑ በታወቀ ሙሙት ጠብታ መለካት) ያስፈልጋል። ቲትሬሽኑ ርካሽና አስተማማኝ ሆኖ ሳለ መረሳቱ ያሳዝነኛል። በናይትሮጅን ሥር በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሟሙትና ፌረሱን በዳይክሮሜት ለኩ፤ ከጠቅላላው ብረት አንድ ሦስተኛው ፌረስ ከሆነ ማግኒታይት ነው። የዳይክሮሜቱን ቅሪት ለብቻው ሰብስቡ፤ ክሮሚየም ስድስት ካንሰር ያመጣል፤ ወደ ፍሳሽ አይደፋም።

ወደ ሌላ ቁስ ስትሻገሩ

መርሁ ያው ነው፤ ዝርዝሩ ግን ይለወጣል። ኮባልት ፌራይት ለመሥራት ፌረሱን በኮባልት ትተካላችሁ፤ የአየር ጭንቀት ይቀላል፣ የማቆያው ሙቀትና ጊዜ ግን ከፍ ይላል። ዚንክ ኦክሳይድ ሲሆን «ቤዝ በብዛት» የሚለው ምክር ይገለበጣል፤ ዚንክ በተትረፈረፈ ጠንካራ ቤዝ ውስጥ ዚንኬት ሆኖ ተመልሶ ይሟሟል፤ አሞኒያም በራሱ መንገድ ይይዘዋል። ቲታኒየም አልኮክሳይድ ውሃ ሲነካው በቅጽበት ስለሚዘቅጥ በአሴቲክ አሲድ ወይም በአሴቲልአሴቶን ይገታል። ከ100 ዲግሪ በላይ የሚፈልጉ ቁሶች በቴፍሎን በተለበጠ ዝግ የብረት ዕቃ ይሠራሉ። የውሃ እንፋሎት በ180 ዲግሪ 10 ባር ያህል ይገፋል፤ ስለዚህ ዕቃው ከሁለት ሦስተኛ በላይ አይሞላም፣ ሳይቀዘቅዝም አይከፈትም። ሦስትና አራት ብረቶች ላሉበት ኦክሳይድ፣ አብሮ ማዝቀጥ አንዱን አስቀድሞ ስለሚጥል፣ ሲትሪክ አሲድና ኤትሊን ግላይኮል ሁሉንም በአንድ ሙጫ የሚይዙበት የፔቺኒ መንገድ ይሻላል። ሙጫው ናይትሬት ካለበት ሲሞቅ በድንገት ሊነድ ይችላል፤ በትንሽ መጠን ጀምሩ።

ማግኒታይቱን በአሥር እጥፍ ማሳደግ ካሰባችሁ ደግሞ ሁሉንም ቁጥር በአሥር አባዝታችሁ በትልቅ በርሜል አትሞክሩ። በትልቅ ዕቃ ውስጥ የመቀላቀያ ጊዜው ይረዝማል፤ ዘሩም በየቦታው በተለያየ ሰዓት ይፈጠራል። የተሻለው መንገድ ሁለቱን ፈሳሾች በሁለት ፓምፕ፣ በቋሚ ፍጥነት፣ በጠባብ የቲ ቅርጽ መገናኛ ውስጥ አገናኝቶ የሚወጣውን ናይትሮጅን በያዘ ትልቅ ፍላስክ መቀበል ነው። ያኔ የምታሳድጉት የሥራውን ሰዓት እንጂ የመገናኛውን ስፋት አይደለም፤ የመጀመሪያው ሊትርና አሥረኛው ሊትር በአንድ ዓይነት ሁኔታ ይዘቅጣሉ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሰከንዶች ፍሰት ለይታችሁ አስወግዱ፤ ፓምፖቹ እስኪስተካከሉ ድረስ ጥምርታው ልክ አይደለም።